የጋሽ ማሩ ምርቃት

በደብረ ታቦር ከተማ ጠርዝ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ ጀርባ፣ የተሰበረ አልጋና እግር የሌለው ወንበር የሚጣልባት ክፍል ነበረች። ሲስተር ሙሉሐብት ያቺን ክፍል ለማግኘት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ምስጋና ልመናዋ ሲያንገሸግሸው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። «በይ እንግዲህ ሰካራሞችሽን ሰብስቢ» አላት። እሷም ሰበሰበች።

ሙሉሐብት የአንበሳሜ ልጅ ናት። ቁመቷ አጠር ያለ፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ሰው ፊት መናደድ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ኃላፊዋ ሲያበሳጫት «እሺ» ትላለች፤ ቤቷ ከገባች በኋላ ድስትና ክዳን እያጋጨች ንዴቷን ትወጣለች። ጎረቤቶቿ የድስቱን ድምፅ ሰምተው ዛሬ ቢሮ ምን እንደተባለች ይገምቱ ነበር። ይህን ጠባይዋን ያዙልኝ፣ ኋላ ብዙ ያስከፍላታል።

ታላቅ ወንድሟ አያሌው ጠጪ ነበር። ጠጪ ስል ለዓመት በዓል ሞቅ የሚለውን ማለቴ አይደለም፤ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የአረቄ መለኪያ የሚጨብጠውን ነው። እናቱ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጣራ ገዳም ወሰደችው። እዚያ በአባቶች ፊት ሁለተኛ ላይቀምስ ተገዘተ፤ እውነትም አልቀመሰም። በሁለተኛው ቀን ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ይጮህ ነበር። በአራተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ ጣለው፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ግማሹ ያገር ሰው ጋኔን ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ ግዝቱን በስውር አፍርሶ ነው ብሎ አማው።

ሙሉሐብት ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዓመታት አልፈው ነርስነት ስትማር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ፣ ለብዙ ዓመት ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊሞት እንደሚችል አነበበች። መንቀጥቀጡ፣ ግድግዳው ላይ የሚታየው ነገር፣ ሦስተኛው ቀን፣ አራተኛው ቀን፣ ሁሉም ወንድሟን አይቶ የጻፈው ሰው ያለ ይመስል መጽሐፉ ላይ ሰፍሯል። የሚያሻግረው መድኃኒትም ብርቅ አልነበረም፤ የጥቂት ቀን ክኒንና የቫይታሚን መርፌ ነው። አያሌው የሞተው ቃሉን አፍርሶ ሳይሆን ቃሉን ጠብቆ ነው። ይህን ለእናቷ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም፤ ደፍራ እንዴት ትነግራታለች?

ስለዚህ በዚያች ክፍል «አቁሙ» አይባልም ነበር። ሙሉሐብት ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ ታወጣለታለች፤ ካርዱ ላይ በቀን የሚጠጣው ልክ ይጻፋል። «ጠዋት አምስት መለኪያ፣ ማታ አምስት። ምግብ ሳይቀድም የለም።» ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ትቀንሳለች፣ ቆይታ ሌላ አንድ። ከልኩ በላይ የጠጣ ይነግራታል፣ ከልኩ በታች የጠጣም ይነግራታል። ከበላዩ ይልቅ የበታቹን አምርራ ትቆጣ ነበር። የከተማው ሰው ሳቀባት፣ «ሲስተር አረቄ ታዛለች» ተባለ፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጋሽ ማሩ የመጡት ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ እየጎተቷቸው ነው። እትዬ ፈንታነሽ ከጉና ተራራ የሚወርድ ድንች ገበያ ላይ እየሸጡ ቤቱን የያዙ ሴት ናቸው። ጋሽ ማሩ አናጢ ነበሩ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የእሳቸው ሚስማር ያላረፈበት ሰፈር የለም። ሲመጡ ግን ሚስማር መያዝ ካቃታቸው ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በቀን አሥራ ስምንት መለኪያ ይጨልጣሉ፣ ጨዋነታቸው ግን እንዳለ ነበር። ሰክረው እንኳ ሴት ስትገባ ከወንበራቸው ይነሣሉ።

በሰባት ወር ውስጥ ከአሥራ ስምንት ወደ ስምንት ወረዱ። አንድ ቀን ጠዋት መዶሻቸውን በብብታቸው ይዘው መጡና፣ በክፍሉ ጥግ የተከመረውን የአልጋ ጣውላ ፈትተው መደርደሪያ ይሠሩ ጀመር። ሁለት በር፣ አራት ደርብ፣ ጠርዙ ሁሉ በእጅ የተላገ። «መድኃኒቱ ሲመጣ ማደሪያ አይጣ፣ ልጀ» አሏት። ሙሉሐብት ሚስማሩን ሳይስቱ ሲመቱ አየችና እንባዋን እንዳያዩባት ወደ ውጭ ወጣች።

መድኃኒቱ ግን አልመጣም። ከስምንት መለኪያ በታች ጋሽ ማሩን ያለ መድኃኒት ማውረድ አልተቻለም። አንድ ጊዜ ስድስት ሲሞክሩ ጣላቸው፤ ምላሳቸውን ነክሰው ደም በደም ሆኑ። ስለዚህ ስምንት ላይ ቆመው መጠበቅ ያዙ። ሙሉሐብት ደብዳቤ ጻፈች፣ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች፣ ላይ ታች ብላ እግሯ ቀጠነ፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። «በዘንድሮው ዕቅድ አልተያዘም» ይሏታል። በሚቀጥለው ዓመት ስትሄድ፣ ዘንድሮ የሚባለው ነገር አብሯት ይጓዛል።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የፓርላማ አባላት የሆኑ ተቆጣጣሪዎች በየክልሉ እየዞሩ፣ በሱስ የተያዘ ሰው ከጤና ተቋማት ምን እንደሚያገኝ ሊጠይቁ ነው። ደብረ ታቦርም ይደርሳሉ፣ ክፍሏንም ያያሉ። ሙሉሐብት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እስከዛሬ ደጅ የጠናቻቸው ሰዎች ሁሉ መልስ የሚሰጡበት ቀን መጣ አለች። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፈች፤ ገልብጣ አሳጥራ ጻፈችው፣ ትልቅ ሰው ረጅም ነገር አያነብም ብላ።

ጋሽ ማሩንም ጠራቻቸው።

«ሲጠይቁዎት እውነቱን ይንገሯቸው። ስምንት ላይ የቆምኩት መድኃኒት ስለሌለ ነው ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግራቸዋለሁ እንጅ» አሉ ጋሽ ማሩ። «መንግሥት ራሱ እደጄ ድረስ መጥቶ ሲጠይቀኝ እዋሻለሁ?»

ምስጋናም በበኩሉ ይዘጋጅ ነበር። ክፍሏን ነጭ ቀለም አስቀባት። ጋሽ ማሩን ለምኖ መደርደሪያውን ቫርኒሽ አስቀባቸው። ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ መኪና ልኮ ከሌላ ጤና ጣቢያ ሁለት ካርቶን መድኃኒት በውሰት አስመጣ። ያ ሁሉ ዓመት የተለመነው ክኒንና መርፌ አራቱንም ደርብ ሞልቶ ተደረደረ። ከዚያ ካርዶቹን ሰብስቦ ቢሮው ውስጥ ቆለፈባቸው።

«ካርዶቹን ለምን?» አለችው።

«በመንግሥት ካርድ ላይ ስምንት መለኪያ አረቄ ተብሎ ተጽፎ ቢያዩ ምን እላለሁ ሲስተር? ጤና ጣቢያ ነው አረቄ ቤት ሊሉኝ ነው?»

«መድኃኒቱስ? ይቀራል?»

«ይመለሳል እንጂ፣ የሰው ንብረት እኮ ነው። እንግዳ ይሂድና እንነጋገራለን።»

«እሺ» አለች። የዚያን ዕለት ማታ ጎረቤቶቿ የድስት ድምፅ ብዙ ሰሙ።

እንግዶቹ ረቡዕ ረፋድ ላይ ደረሱ። አምስት ናቸው፣ ካሜራ የያዘ ሰውም አለ። ሰብሳቢዋ ከሃምሳ ያለፈች ሴት ናት። ላማት ብፈልግ እንኳ የማማበት ነገር የለኝም፤ ደህና ሰው ነበረች። ብዙ ሰዓት መኪና ላይ ተቀምጣ እግሯ ከጫማዋ አፍ በላይ አብጧል፣ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ አቧራ ተጣብቋል፣ ሆኖም የቀረበላትን ወንበር ገፋ አድርጋ ጋሽ ማሩ ፊት ቆመች። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ለመመስገን አይደለም። የጎደለ ነገር ካለ ሳይፈሩ ይንገሩኝ።»

ጋሽ ማሩ እትዬ ፈንታነሽ ያጠቡላቸውን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። የሴትዮዋን ፊት አዩ፣ ከዚያ እግሯን አዩ። እግሯን ሲያዩ ቆዩ። ሙሉሐብት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ያቺን ወረቀት በጋወኗ ኪስ ውስጥ ጨብጣ በልቧ «ይበሉ፣ ይበሉ» ትላለች።

ጋሽ ማሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እግዜር ያክብርልኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ፣ አቧራ ቅማችሁ፣ እኔን አንድ ተራ አናጢ ብላችሁ መጥታችሁ ምን ጎደለኝ እላለሁ? ሲስተር እንደ አባቷ ይዛኛለች። መድኃኒቱም ይኸው ሞልቷል። እኔም ድኛለሁ። እግራችሁን እንቅፋት አይምታው፣ ልጅ ይውጣላችሁ፣ በሄዳችሁበት ሞገስ ይስጣችሁ።»

ሁሉም አሜን አሉ። ካሜራ የያዘውም ሰውዬ አሜን አለ። ሰብሳቢዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጎንበስ ብላ የጋሽ ማሩን ትከሻ ሳመች። ከዚያ ዞር አለች።

«ሲስተር፣ አንቺስ የምትጨምሪው አለ?»

ይህ የሙሉሐብት ሰዓት ነበር። ሁለት ዓመት ክፍል የለመነችበት፣ ሌላ ሁለት ዓመት መድኃኒት የለመነችበት ሰዓት። ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ነው፣ መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ስትናገር፣ እጃቸው ገና ከምርቃት ያልወረደ ሽበታም ሰው በእንግዳ ፊት፣ በካሜራ ፊት፣ ዋሹ ማለቷ ነው። አባቷ የሚሆኑ ሰው። ጋሽ ማሩ ፈገግ ብለው ያይዋታል።

«ጋሽ ማሩ ብለውታል» አለች።

እንግዶቹ ሄዱ። የእንግዶቹ መኪና አቧራ ሳይረጋ ካርቶኖቹ ወጡ፤ መድኃኒቱ አንድ ሳይጎድል ተቆጥሮ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ሙሉሐብት ጋሽ ማሩን ግቢው በር ላይ ደረሰችባቸው።

«ምነው ጋሽ ማሩ? ምነው ጨከኑብኝ?»

ጋሽ ማሩ ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም። «አፈርኩ፣ ልጀ። እግሯ እንደዚያ አብጦ እያየሁ፣ እኔን አባቴ እያለችኝ፣ የለም ልበላት? አፌ እንቢ አለኝ።»

«በሉ እሺ። ከስምንቱ ግን እንዳይጎድሉ። ሰምተውኛል? መጨመሩን ይተዉት፣ እንዳይጎድሉ።»

«እሺ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ዜናው በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ታየ። ጋሽ ማሩ በነጭ ጋቢ፣ ከኋላቸው የሞላ መደርደሪያ፣ «እኔም ድኛለሁ» ሲሉ ከተማው በሙሉ አየ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ማሩ ወደተለመደው አረቄ ቤት ሄዱ። በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተነሥተው በሳቅ ተቀበሏቸው። «ምነው ጋሽ ማሩ፣ ድነዋል አልተባለም እንዴ?» ሻጯም መለኪያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው። «ለመንግሥት ድኛለሁ ብለው እኔ ልቅዳልዎ? ነገ ማን አሰከራቸው ቢሉኝስ?»

ጋሽ ማሩ ዞረው ወጡ። ቤታቸው ተመልሰው መደብ ላይ ተቀመጡና ለእትዬ ፈንታነሽ፣ «ተናግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ንግግሬን ውሸት አላደርገውም» አሏቸው። እትዬ ፈንታነሽ ደስ አላቸው። ለሃያ ዓመት የለመኑት ነገር ነው፤ ሰውዬው በገዛ አፉ አቆምኩ ሲል ማን ያዝናል? ለታቦት ጧፍ ተሳሉ።

ዓርብ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እትዬ ፈንታነሽ ሲስተርን ልጥራ አሉ፤ ጋሽ ማሩ ከለከሏቸው። «አዳነችኝ ብዬ አገር ፊት ያከበርኳትን ልጅ፣ ታምሜ ሄጄ ላዋርዳት? ይለፍልሽ፣ ተይኝ።» ዓርብም አለፈ፣ ቅዳሜም አለፈ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ እትዬ ፈንታነሽ በባዶ እግራቸው ወደ ጤና ጣቢያው እየሮጡ መጡ። ተረኛዋ ሙሉሐብት ነበረች።

«ግድግዳው ላይ ሰው አለ ይላል» አሉ።

ሙሉሐብት ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የተናገሩት ሴት እትዬ ፈንታነሽ ይሁኑ የገዛ እናቷ ለአፍታ ጠፋባት። ወደ ክፍሏ ሮጣ የመደርደሪያውን ሁለት በር በአንዴ ከፈተችው። የቫርኒሹ ሽታ ፊቷን መታው። አራቱም ደርብ ባዶ ነው፣ ያበራል። ያንን ባዶ እያየች ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም፤ ምናልባት ሁለት ትንፋሽ ነው፣ ለእሷ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ባጃጅ ተገኘ፤ ጋሽ ማሩን አቅፈው ጫኗቸው። መንገድ ላይ ጣላቸው፣ ደግሞ ጣላቸው። ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ፣ ራሳቸው ሙሉሐብት ጭን ላይ እንዳለ፣ ዐረፉ። በአራተኛው ቀን ነው። ቃላቸውን ጠብቀው።

ምስጋና ቀብር መጣ። ደረቱን አልመታም፣ ሆኖም ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ያንን አልክደውም። በሳምንቱ ግን የጉብኝቱ ሪፖርት ሲደርሰው ፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። የክፍሏ አሠራር «ተቀምሮ ሊስፋፋ የሚገባው መልካም ተሞክሮ» ተብሏል። የሙሉሐብት የመድኃኒት ጥያቄም በመጨረሻ በጽሑፍ መልስ አገኘ። በመስክ ምልከታ እጥረት አለመኖሩ ስለተረጋገጠ ጥያቄውን ማስተናገድ አልተቻለም ይላል፤ ማኅተሙ ደማቅ ነበር። ሙሉሐብት ደብዳቤውን አጥፋ በዚያ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ ካልተሰጠው ወረቀት ጋር። ያን ዕለት ጎረቤቶቿ ምንም የድስት ድምፅ አልሰሙም፤ ይህ የበለጠ አሳሰባቸው።

የጋሽ ማሩ አርባ ከወጣ በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ ከሌላ ዞን አሥራ አንድ ሰዎች ለተሞክሮ ልውውጥ መጡ። መልካሙን ተሞክሮ በዓይናቸው አይተው ወስደው ሊያስፋፉት ነው። ምስጋና በዚህ ጊዜ የሚዋስበት ቦታ አላገኘም፤ ስለዚህ መደርደሪያውን ዘግቶ ቁልፉን ለሙሉሐብት ሰጣትና «ክፈቺ ካሉሽ ቆጠራ ላይ ነን በያቸው» አላት። እሷም «እሺ» አለች።

የዚያኑ ዕለት እትዬ ፈንታነሽ ጥቁር ለብሰው መጥተው ነበር። ጋሽ ማሩ መደርደሪያውን ቫርኒሽ የቀቡ ቀን ክፍሏ ውስጥ ትተውት የሄዱትን መዶሻ ሊወስዱ ነው። መዶሻውን ነጠላቸው ሥር አድርገው አግዳሚው ላይ ትንሽ እንዳረፉ እንግዶቹ ተንጋግተው ገቡ። የቡድኑ መሪ ሽበት የጀመረው፣ ትሑት ሰው ነው። ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠና ወደ እሳቸው ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ እርስዎም እዚህ ይገለገላሉ?»

«ባለቤቴ ነበር።»

«እንዴት ነው ታዲያ አገልግሎቱ?»

እትዬ ፈንታነሽ ለእንግዳ ክብር ከተቀመጡበት ተነሡ። አንድ እጃቸው መዶሻውን እንደያዘ ሌላውን ዘረጉ። «እግዜር ይስጥልን። ሲስተር ምን አጎደለች። እናንተንም ከሩቅ ያመጣችሁ…»

«እትዬ ፈንታነሽ» አለች ሙሉሐብት። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለማያውቅ ራሷንም አስደነገጣት። «በወለደችዎ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ እንኳ አይመርቁ።»

ቁልፉን አውጥታ መደርደሪያውን ከፈተችው።

«ይኸውላችሁ ተሞክሮው» አለች። «በቴሌቪዥን ያያችሁት መድኃኒት የውሰት ነበር፣ የዚያኑ ዕለት ተመልሷል። እዚያ ላይ ሲመርቁ ያያችኋቸው ሰውዬ በአራተኛው ቀን ሞተዋል፤ እኒህ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ይህንን ጻፉትና ውሰዱት።»

ምስጋና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የቡድኑ መሪ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነው፤ «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» አለና ጫማውን እያየ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ መንገድ ይረዝምብናል ብለው ሳይቀምሱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ሙሉሐብት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወደ ጉና ሥር መዛወሯን የሚገልጸው ደብዳቤ የሚደርሳት ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ እሷ ግን አሁኑኑ አውቃዋለች፣ ግድም አልነበራትም። ጊዜው ያለፈበትን ነገር በትክክል ተናግራለች።

እትዬ ፈንታነሽ አጠገቧ መጡ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ያመሰግኑኛል ብላ አሰበች፣ ወይም አብረን እናለቅሳለን ብላ።

«ምነው ልጀ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ሰዎቹ እኮ ከሩቅ ነው የመጡ። እንዲያ ይባላል? ማሩ ቢኖር ባፈረ።»

ከዚያ ተከፍቶ የቀረውን የመደርደሪያ በር፣ ባላቸው የሠሩትን፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረግ አድርገው ዘጉት።